ኤሊያችን ሰጋቱራ እየዋጠ ነው፤ ከሥሩ ምን ላንጥፍለት?

የጠባሴዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ኤሊ ያሳደገ ሰው እዚህ ካለ ምክር ፈልጌ ነው።

የኛ ኤሊ ባሻ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ልጆቼ ናቸው፣ አረማመዱን አይተው። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በደሴ መስመር ሲመላለስ ከቆላው አስፋልት ዳር አንስቶ አመጣልን። የጀርባው ድንጋይ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለው። እየለመደን ሲሄድ እኔም ወደድኩት፤ አሁን ጓሮ ስወጣ ተከትሎኝ ነው የሚወጣው።

የሚያድረው ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል፣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ጎረቤታችን አናጺ ስለሆነ ሰጋቱራ በነፃ ይሰጠናል፤ እሱን ወፈር አድርጌ አነጥፍለታለሁ። ከላይ ደግሞ አሮጌ ባና ቆርጬ ጨመርኩለት። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጎመን ስሰጠው እርጥቡ ቅጠል ላይ ሰጋቱራው ይጣበቃል። አብሮ ይውጠዋል። ሰሞኑን ከበላ በኋላ አፉን ከፈት አድርጎ አንገቱን ይዘረጋል፣ በፊት እግሩ አፉን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይተወዋል። ጭንቅላቱን ሲያስገባ ደግሞ «ፍስስ» የሚል ድምፅ አለው። መብላት ቀንሷል። ኩሱም እንደ በፊቱ አይደለም፣ ትንሽና ደረቅ ነው። ባለቤቴ «ተይው፣ ኤሊ በብርድ ወቅት ይተኛል» ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ትንሹ ልጄም ቆሎ ሲያጎርሰው ይዤዋለሁ።

ሰጋቱራው ይሆን? ቢቀየር ምን ይሻላል፣ የጤፍ ጭድ፣ አሸዋ ወይስ ጠጠር? ድንገት ቢታነቅብኝስ ምን አደርጋለሁ?

የመንዙ፦

አይዞሽ እህቴ። እኛ ጋ በግ ስትነፋ ወይ የሆነ ነገር ስትውጥ ዘይት ትጋታለች፣ ታልፋለች። አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት በስሪንጅ ጋቺው፣ ሆዱን ያላላለታል። ከሥሩ ጭድ ብታደርጊለት ምንም አይልም፤ ስንት ከብት ጭድ ላይ ያድር የለ? ባናው ግን ይኑርለት። የመንዝ ባና ብርድ አያሳልፍም፣ በዚህ አትምጡብኝ።

ጡረተኛው የከብት ሐኪም፦

የመንዙ፣ ወንድሜ፣ ዘይቱን መልስ። እህቴ፣ እንዳትግቺው።

እኔ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ከብትና በግ ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ። መጋት ክፉ ነው አልልም። ስለ ኤሊ የማውቀውም ከትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ቆላ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ነበረች፣ የሕመሟን ነገር ከሷው ነው የተማርኩት። ኤሊ ሲጋት የሚሆነው ይህ ነው። የአየር መግቢያ ቀዳዳው እዚሁ ምላሱ ሥር ነው። በጉልበት የተጨመረ ዘይት ወደ ሳንባ ለመግባት ሩቅ መንገድ የለበትም። እኛ ስንስል የሚያግዘን፣ ከሳንባ በታች ያለ ጠንካራ ጡንቻ አለን። ኤሊ እንዲህ ያለ ጡንቻ የለውም። የጎድን አጥንቱም ከድንጋዩ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ደረቱ አይነፋም፤ የሚተነፍሰው በእግሮቹና በሆዱ ዙሪያ ባሉ ጡንቻዎች ነው። ስለዚህ ሳንባው የገባውን ነገር ስሎ አያወጣም። ያቺ አንድ ማንኪያ ዘይት የሳንባ ምች ታመጣለች።

አሁን ወደ ባሻ ልምጣ። «ፍስስ» ማለቱ አያስጨንቅሽ። ጭንቅላቱን ሲሰበስብ ቦታ ስለሚጠብ ከሳንባው አየር ይወጣል፣ ድምፁ ያ ነው። ጤነኛም ኤሊ እንዲሁ ይላል። አፉን መክፈቱና በእግሩ መጥረጉ ግን ምላሱ ወይም ጉሮሮው ላይ የቀረ ነገር መኖሩን ያሳያል። ከበላ በኋላ ብቻ ከሆነና ወዲያው ካለፈ ሰጋቱራው ነው የሚመስለው። ሳይበላም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይ አፍንጫው ላይ አረፋ ካየሽ፣ ብርድ ሳንባውን መትቶት ይሆናል። ያኔ እዚህ እኛን አትጠይቂ፤ ይዘሽው ወደ ሐኪም ሂጂ።

ጎመን አቅርበሽለት አፉን ሲከፍት በስልክሽ መብራት እዪው። ከፊት ለፊት የሚታይ ቁራጭ ካለ በወረንጦ ቀስ አድርገሽ አውጪ። ወደ ውስጥ የገባውን አትከተይው። ጣትም አይገባም፤ ጥርስ ባይኖረውም የአፉ ጠርዝ ስለታም ነው። ድንገት ሲታነቅ ብትደርሺበት ከፊቱ ዝቅ፣ ከኋላው ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ ምራቁና ቁራጩ ወደ አፉ ይመለስ። በጀርባው አትገልብጪው። ጀርባውንም አትምቺ፤ ድንጋይ ላይ ብትመቺ ለማን ይሰማል?

ባናውን ዛሬውኑ አውጪ። የመንዙ ይቅር ይበለኝና ባና ለሰው ነው። ኤሊ በጥፍሩ ክሩን ይመዛል፣ የተመዘዘውን ደግሞ ሣር መስሎት ይነክሰዋል። የሱፍ ክር አንጀት ውስጥ ሲገባ አንጀቱን ይሸበሽበዋል፣ ሲብስ ይቆርጠዋል። ከአፉም ሆነ ከኋላው ክር ተንጠልጥሎ ብታዪ መሳብ የለም። ሌላው ጫፉ የት እንደተያዘ አታውቂም። እሱን ለሐኪም ተዪው።

ሰጋቱራውም ይሂድ። እንጨት ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፤ የአንጀቱን ውሃ እየመጠጠ ይከማቻል። አናጺው ጽድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የጽድ ሽታ ለኛ ደስ ይላል፤ ለኤሊ ግን ዓይንና ሳንባ ይቆጣበታል።

ከሰጋቱራው ይልቅ እኔን ያሰጋኝ ግን ብርዱ ነው። ባሻ የቆላ ልጅ ነው። በዚያው በደሴ መስመር ያለው ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፣ እናንተ ጋ ከ2,800 ያልፋል። ኤሊ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከመሬት ነው። ሰውነቱ ሲበርድ አንጀቱም ሥራ ያቆማል። ሞቆት ቢሆን ኖሮ ጥቂት ሰጋቱራ ከሣሩ ጋር ተያይዞ ይወጣ ነበር። በርዶት ሳለ ግን ባለበት ይቀራል፣ ሌላው ይደራረብበታል። ባለቤትሽ የሰማው የእንቅልፍ ነገር በአውሮፓ ብርድ አገር ስላሉ ኤሊዎች ነው። ይሄ የኛ ነጠብጣቡ እንዲያ አይተኛም። ፈዞ ከተቀመጠ በርዶታል ወይ ታሟል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አሙቂው። የሳጥኑ አንዱ ጥግ ቀን ላይ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይድረስ። ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ይበል፣ የሚመቸውን ራሱ ይመርጣል። ሌሊት ከ15 በታች አይውረድበት። አምፖል ከላይ በደንብ አስረሽ ስቀዪ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ ጨርቅ ሳይሆን ካርቶን ከልለሽ አጠገቡ አድርጊ። የከሰል ማንደጃ ወደዚያች ጠባብ ክፍል አታስገቢ፤ እሱንም እናንተንም ያፍናል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ጓሮ አውጪው። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ ያሞቀዋል እንጂ አጥንት የሚያጠነክረውን ጥቅም አይሰጠውም።

ቀጥሎ እጥበት። ለብ ያለ ውሃ፣ በክርንሽ ስትነኪው የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ዓይነት። ጥልቀቱ ከአገጩ በታች ይሁን። 20 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፣ ውሃው ሲበርድ ቀይሪለት። ይጠጣል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይጸዳዳል። ነጭ ለስላሳ ነገር ቢወጣው አትደንግጪ፣ ሽንቱ ነው። ነጩ ነገር እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ውሃ ጠምቶታል። አድርቀሽ ወደ ሙቁ ጥግ መልሺው። ሳፋው የራሱ ይሁን፤ ሊጥ የሚቦካበት ዕቃ አጠገብ እንዳይደርስ። ኤሊ ሰውን ተቅማጥ የሚያስይዝ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ልጆቹም ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ስለ ንጣፉ። አሸዋ አይሆንም፣ እየላሰ ይውጠዋል። ጠጠር ከሁሉ የባሰ ነው። ኤሊ ካልሲየም ሲያንሰው ሆን ብሎ ድንጋይ ይለቅማል። ሳጥኑም ጓሮውም ውስጥ ከጭንቅላቱ የሚያንስ ድንጋይ እንዳይኖር። የጤፍ ጭድ ደቃቅ ነው፣ እንደ ሰጋቱራው ቅጠል ላይ ይጣበቃል። የገብስ ገለባ ጫፉ ሹል ስለሆነ ዓይኑንና አፉን ይወጋዋል። እኔ የምለው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው አፈር በወንፊት ንፊ፣ ትንሽ ውሃ እርጪበት፣ በእጅሽ ደልድለሽ ጠቅጥቂው። መኝታው ጥግ ላይ ረጃጅም ድርቆሽ ጨምሪ። ድርቆሹን ቢበላውም ምግቡ ነው።

ለዛሬና ለነገ ግን ያ ሁሉ ይቆይና ባዶ ካርቶን ላይ አሳድሪው። ሆዱ ሥራ እስኪጀምር የሚውጠው ትርፍ ነገር አይኑር። ካርቶኑን መቅደድ ከጀመረ አንሺው።

የቱንም ብታነጥፊ ምግቡን ንጣፍ ላይ አትጣዪ። ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጊ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ድንጋይ አይቸግርም። እጠቢውና ምግቡን እዚያ ላይ አቅርቢ። ድንጋዩ ሰፋ ይበል፣ ባሻ ራሱ ቆሞበት ይብላ፤ አለበለዚያ ቅጠሉን ጎትቶ አፈር ላይ ነው የሚጨርሰው። ጥፍሩንም ይሞርድለታል።

ኤሊ አያኝክም። ይነክሳል፣ ይቦጭቃል፣ ይውጣል። ቆሎው ለዚህ ነው የማይሆነው። ዳቦና እንጀራም አይስማማውም። ዋናው ምግቡ ሣር ነው፤ ጎመን ጣል ይደረግበት እንጂ ዕለት ዕለት ጎመን ብቻ አይሁን። ቅጠሉን ሳትከትፊ ሙሉውን ስጪው፣ በሚችለው መጠን ራሱ ይቆርጠዋል። ካሮት ከሰጠሽው በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቂው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ ዱቄት አልመሽ ቆንጠር አድርገሽ ሣሩ ላይ በትኚ። ድንጋይ መልቀሙን ያስተወዋል።

ሞቆትና ታጥቦም ካልበላና ካልተጸዳዳ፣ ካማጠ፣ ወይም የኋላ እግሮቹን ከጎተተ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው።

የመንዙ፦

እሺ ጋሼ፣ ተምሬያለሁ። ስለ ባናው ግን ቅር ብሎኛል።

ከሮቢት፦

እኔ ገበሬ ነኝ፣ ማሾና ሽንኩርት አለኝ። ዝናብ ሲጥል እነዚህ ድንጋይ ለባሾች ከቁጥቋጦው ይወጣሉ። ሣር ሲግጡ ነው የማያቸው። አንዴ የደረቀ የከብት አጥንት ሲፍቅ ያየሁትን ኤሊ አልረሳውም፤ ጋሼ ያሉትን የካልሲየም ነገር አሁን ነው የገባኝ።

እህቴ፣ ፌስታል አደራ። ከአስፋልቱ ዳር ያሉት የሚበሉት እሱን ነው። ደማቅ ቀለም ያለው ነገር ይስባቸዋል፤ አበባ ይመስላቸዋል መሰለኝ። ግቢሽን ቃኚ፦ የፌስታል ቁራጭ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ቆርኪ፣ ዶቃ።

ሌላው ነገር ሳይከፋሽ ልበል። ኤሊ የዱር እንስሳ ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል። ወንድምሽ መኪና እንዳይጨፈልቀው አዝኖ ያነሳው ይመስለኛል። እንዲህ ሲሆን መንገዱን አሻግሮ፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አስቀምጦ መተው ነው የሚሻለው። አሁን ደግሞ ዝም ብላችሁ አምጥታችሁ ሜዳ ላይ እንዳትለቁት። ከቤት የያዘው በሽታ ካለ እዚህ ላሉት ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቂ፣ ወይ ከወረዳችሁ ጀምሪ።

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ።

ባናውን ሳወጣ ጠርዙ ተተልትሏል፣ ግማሹ ክር የለም። ደነገጥኩ። ሳፋ ለብቻው ገዛሁለት። የመጀመሪያው ቀን እጥበት ምንም አላመጣም፣ ውሃ ብቻ ጠጣ። አምፖሉ ሥር ሲሞቅ ውሎ እንደገና ሳጥበው ግን ወጣለት። እንጨቱ በዓይን ይታያል፣ የተጠቀጠቀ ሰጋቱራ ነው። ከመሃሉ ደግሞ ሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ! የሮቢቱ ወንድሜ ከመጻፉ በፊት ሰው ቢነግረኝ ማን ያምነው ነበር። ክር ግን አላየሁም። እሱ ነው አሁን የሚያስፈራኝ።

አፉን መክፈቱን ትቷል። ዛሬ ድንጋዩ ላይ ሣር በላ። ልጆቹ «ባሻ ጠረጴዛ ተገዛለት» እያሉ ይስቃሉ። ትንሹም ቆሎውን ለራሱ መብላት ተስማምቷል።

ራጅ ማስነሳት አለብኝ? ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ ሆዱን ያለሰልሳል ብላ ከአጥሯ ቁልቋል ቆርጣ ልትሰጠኝ ነው። ይበላል እንዴ? ስለ ፈቃዱ ደግሞ ወደ ወረዳ ሄጄ ልጠይቅ ተነስቻለሁ። ልጆቹ ገና አልሰሙም።

ጡረተኛው የከብት ሐኪም፦

ቁልቋሉን አይቅመስ! የአጥር ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ነው፤ መርዝ ነው፣ ዓይን ከገባም ያሳውራል። ቆርጣ ሰጥታሽ ከሆነ እጅሽን ታጠቢ፣ ልጆቹም አይንኩት። የሚበላው በለስ ነው፣ ያ ጠፍጣፋ ቅጠሉ። እሾሁን ትልቁንም ጸጉር የሚያህለውንም በእሳት ለብልበሽ፣ በጨርቅ ፈትገሽ፣ ቁራሽ ስጪው። ውሃ አለው፣ ካልሲየምም አለው። ሲበዛ ግን ያስቀምጠዋል።

ስለ ራጅ። ጠጠርና አሸዋ በራጅ ጥርት ብሎ ይታያል። እንጨት፣ ክርና ፌስታል ግን በቀላሉ አይታዩም። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ቢሉሽም ስለ ክሩ ሙሉ በሙሉ አትዘናጊ። አሁን ስለበላና ስለተጸዳዳ አልቸኩልም ነበር። እጥበቱን ቀጥዪ፣ ኩሱን በእንጨት በተን እያደረግሽ እዪው። ክር ከወጣ ብቻውን ይውጣ። ሱቅ ሚዛን ላይ በየሳምንቱ መዝኚውና ጻፊው። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ወይም መልሶ መብላት ካቆመ፣ ክሩ የሆነ ቦታ ይዞታል ብለሽ ጠርጥሪ።

እዚያ ያለው ክሊኒክ ከከብትና ከዶሮ ሌላ ልምድ ከሌለው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አዲስ አበባን ማለፍ አለብሽ። ካርቶን ውስጥ አድርጊው፣ ቀዳዳ አብጂለት፣ ከሥሩ ምንም አታንጥፊ፣ ከጎኑ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ አስደግፊ። ውርጩ ሳይለቅ በጠዋት አትነሺ።